ከፎቶግራፍ ማሳመር ተነሥቶ ታላቅ ሠዓሊ የሆነው ኢቫን ክራምስኮይ

ሰው ሲሞት ስሙ በልጆቹ አፍ፥ ሥራውም በአገሩ ላይ ይቀራል፤ መልኩ ግን ከሁሉ አስቀድሞ ይጠፋል። ያወቁት ሰዎች በሕይወት እስካሉ ድረስ ቁመናውንና አስተያየቱን ያስታውሱታል፤ እነሱም ባለፉ ጊዜ ዐይኑ ምን ይመስል እንደ ነበረ፥ ሲያስብ ግንባሩ እንዴት ይቋጠር እንደ ነበረ የሚናገር አይገኝም። ስለዚህ የሰውን መልክ ከሞት ለማስቀረት ሠዓሊዎች ከጥንት ጀምሮ ሲደክሙ ኖረዋል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1839 ዓ.ም. የፎቶግራፍ ጥበብ በፓሪስ ለዓለም በተገለጠ ጊዜ ግን የሠዓሊው ድካም ከእንግዲህ ከንቱ ሆነ የሚሉ ሰዎች ተነሡ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ዛሬ ታሪኩን ለአንባቢዎቻችን የምናቀርብላችሁ ሰው በእነዚህ በሁለቱ ሙያዎች መካከል ቆሞ ዕድሜውን የፈጸመ ነው። ስሙም ኢቫን ኒኮላየቪች ክራምስኮይ ይባላል። በልጅነቱ የማያውቃቸውን ሰዎች ፎቶግራፍ እያሳመረ እንጀራውን በላ፤ በጐለመሰም ጊዜ ከዚህ ዓለም በሞት የተለዩትን ታላላቅ ሰዎች ከፎቶግራፍና ከአሮጌ ሥዕል እያየ ሣለ፤ በመጨረሻም ፎቶግራፍ ሊሰጠው ያልቻለውን ነገር ከሕያው ሰው ፊት ላይ ሲፈልግ ብሩሹን በእጁ እንደ ያዘ ሞተ።

የጸሐፊው ልጅ

ክራምስኮይ በ1837 በሩሲያ አገር በቮሮኔዥ ጠቅላይ ግዛት ኦስትሮጎዥስክ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ በከተማው ማዘጋጃ ቤት በጸሐፊነት የሚያገለግል ዝቅተኛ ደመወዝተኛ ነበረ። ልጁ የከተማውን ትምህርት ቤት በ12 ዓመቱ በከፍተኛ ማዕርግ ፈጸመ፤ ነገር ግን በዚያው ዕድሜው አባቱ ስለ ሞተና ቤተ ሰቡም ድኻ ስለ ነበረ ትምህርቱን ለመቀጠል አልቻለም። እንደ አባቱ በማዘጋጃ ቤቱ ተቀምጦ በመልካም የእጅ ጽሕፈቱ ወረቀት ይገለብጥ ጀመር።

ልቡ ግን ከወረቀቱ ላይ አልነበረም። ከልጅነቱ ጀምሮ ሥዕል ይወድ ስለ ነበረ 15 ዓመት ሲሆነው በዚያው ከተማ ቅዱሳት ሥዕላትን ለሚሥል አንድ ባለሙያ በተማሪነት ተሰጠ። በዚያም አንድ ዓመት ያህል ቈየ። ከዚህ በኋላ ከካርኮቭ ከተማ የመጣ አንድ ፎቶግራፍ አንሺ በመካከላቸው ሲያልፍ የሚረዳው ወጣት ፈለገ። ክራምስኮይም በ16 ዓመቱ ቤቱንና እናቱን ትቶ ከዚህ ፎቶግራፍ አንሺ ጋራ መንገድ ጀመረ።

ሦስት ዓመት ሙሉ ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወሩ ግማሹን ሩሲያ አዳረሱ። የወጣቱም ሥራ በባለሙያዎቹ አነጋገር ሪቱሽ የሚባለው ነበረ። በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ መነሣት እንደ ዛሬው የቅጽበት ነገር እንዳልነበረ ማስታወስ ያስፈልጋል። ተነሺው በርከት ላሉ ሰኮንዶች ሳይንቀሳቀስ መቀመጥ ነበረበት፤ አንገቱም እንዳይነቃነቅ ከኋላው በብረት ይደገፍ ነበር። ዐይኑን ያርገበገበ እንደ ሆነ ዐይኑ ደብዝዞ ይወጣል። ደግሞም በመስተዋቱ ላይ የሚቀባው መድኃኒት ሰማያዊውን ብርሃን አብዝቶ ሲቀበል ቀዩን አይቀበልም ነበርና ሰማያዊ ዐይን ነጥቶ፥ የቀላ ፊት ደግሞ ጠቍሮ ይታይ ነበር። ስለዚህ ከፎቶግራፍ አንሺው ቀጥሎ የሪቱሽ ሠራተኛው በቀጭን ብሩሽ ጠባሳውንና ነቍጣውን ያጠፋል፥ የደበዘዘውን ዐይን ያወጣል፥ የውሃ ቀለምም እየነከረ ለጉንጩና ለልብሱ ቀለም ይሰጣል።

እንግዲህ ይህ ልጅ ገና ጢሙ ሳያቀምጥ ስማቸውን የማያውቃቸውን፥ ከዚያም በኋላ ዳግመኛ የማያያቸውን የነጋዴዎችን፥ የመኰንኖችንና የወይዛዝርትን ፊት በየቀኑ ከዐይኑ አጠገብ አድርጎ ይመረምር ነበር። አፍንጫ እንዴት ከጉንጭ ጋራ እንደሚገናኝ፥ ጥላ ከአገጭ በታች እንዴት እንደሚያርፍ ከማንም መምህር አስቀድሞ ያስተማረው ይህ ሥራ ነው። ነገር ግን ሌላም ነገር አስተማረው። ደንበኛው ገንዘቡን የሚከፍለው መልኩ እንዲያምርለት ነውና የሪቱሽ ሠራተኛ የሚያጠፋው መጨማደድና ድካም ብዙ ጊዜ የሰውየውን ኑሮ የሚናገረው ምልክት ራሱ ነበር። ክራምስኮይ በኋለኛው ዘመኑ በሸራ ላይ ሲፈልግ የኖረው ይህንኑ በወጣትነቱ ሲያጠፋው የነበረውን ምልክት ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ከፎቶ ቤት ወደ አካዳሚ

ወጣቱ 20 ዓመት ሲሞላው፥ በ1857፥ በፒተርስቡርግ ወደሚገኘው ወደ ንጉሠ ነገሥቱ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ገባ። ቀን ከአካዳሚው ይማራል፤ በተረፈው ጊዜም በከተማው ታዋቂ በሆኑት ፎቶ ቤቶች፥ በተለይም አንድሬይ ዴኒየር በሚባለው ፎቶግራፍ አንሺ ዘንድ እየሠራ ለምግቡና ለቀለሙ መግዣ ያገኛል። በዚህ ሙያ እጅግ ከመራቀቁ የተነሣ ጓደኞቹ የሪቱሽ አምላክ የሚል ቅጽል ስም አወጡለት። ፎቶ ቤቶቹም በእርሱ እጅ ያለፈ ፎቶግራፍ በማውጣታቸው ስማቸው ገነነ።

በ1863 ክራምስኮይና ጓደኞቹ ለትልቁ የወርቅ ሜዳልያ ውድድር ቀረቡ። ሜዳልያውን የሚያሸንፍ በመንግሥት ገንዘብ ወደ ውጭ አገር ተልኮ ይማር ስለ ነበረ የወጣቶቹ ተስፋ ሁሉ በዚህ ላይ ነበር። አካዳሚው ግን ለሁሉም አንድ ርእስ ሰጣቸው፤ ይኸውም በሰሜን አውሮፓ የጥንት አማልክት ተረት ያለው የቫልሃላ ግብዣ ነው። ወጣቶቹ በዐይናቸው ያላዩትንና በልባቸው ያላመኑበትን ነገር ከመሣል ይልቅ ርእሱን ራሳቸው እንዲመርጡ ቢለምኑ የሚሰማቸው ጠፋ። በኅዳር ወር በውድድሩ ቀን 14ቱ ተማሪዎች ተራ በተራ አንወዳደርም ብለው ሜዳልያውንም ተስፋውንም ጥለው ከአካዳሚው ወጡ። የነዚህም ወጣቶች መሪ ክራምስኮይ ነበረ።

ይህ ድርጊት በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም። ፖሊስ በስውር ይከታተላቸው ጀመር። እነርሱም በኅብረት አንድ ቤት ተከራይተው፥ የሥዕል ትእዛዝ በጋራ እየተቀበሉ፥ በአንድ ማዕድ እየበሉ መኖር ጀመሩ። ክራምስኮይ በዚያው ዓመት ሶፍያ ኒኮላየቭና የተባለችውን ወይዘሪት አግብቶ ስለ ነበረ ትዳር የያዘው በችግር ጊዜ ነው። በሥዕል ትምህርት ቤትም ያስተምር ነበር፤ ከተማሪዎቹም አንዱ በኋላ በዓለም የታወቀው ኢልያ ሬፒን ነው። ይህም ኅብረት ከጊዜ በኋላ ቢዳከም፥ በ1870 ሥዕላቸውን ከከተማ ወደ ከተማ እያዞሩ ለሕዝብ የሚያሳዩ ሠዓሊዎች ማኅበር ሲቋቋም ክራምስኮይ ከመሥራቾቹ አንዱ ሆነ። በልጅነቱ ከፎቶግራፍ አንሺ ጋራ የዞረባትን አገር አሁን ደግሞ ሥዕሎቹ ይዞሩባት ጀመር።

የሞቱትን ሰዎች መሣል

በዚያን ጊዜ በሞስኮ ከተማ ፓቬል ትሬትያኮቭ የሚባል የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነበረ። ይህ ሰው ከንግዱ የሚያገኘውን ገንዘብ ሥዕል ይገዛበት ነበር፤ ኋላም በ1892 የሰበሰበውን ሁሉ ለሞስኮ ከተማ በስጦታ አበርክቷል። ትሬትያኮቭ የአገሩን ደራስያን፥ የሙዚቃ ሊቃውንትና ባለ አእምሮ ሰዎች መልክ በአንድ ቤት ለመሰብሰብ አሰበ። ነገር ግን ከነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ሞተው ነበር። ስለዚህ የሞቱትን ከፎቶግራፍ ወይም ከአሮጌ ሥዕል አንሥቶ ሕያው አስመስሎ የሚሥል ሰው ያስፈልገው ነበርና ወደ ክራምስኮይ ዘወር አለ። ይህን ሥራ ከርሱ የተሻለ ማን ያውቀዋል?

በ1871 ክራምስኮይ የዩክሬኑን ባለቅኔ የታራስ ሼቭቼንኮን መልክ ሣለ። ባለቅኔው ከሞተ ዐሥር ዓመት ሆኖት ነበር። ሼቭቼንኮ በጭሰኝነት የተወለደ ሰው ሲሆን ነጻነቱን ያገኘው በ1838 በሥዕል ምክንያት ነው፤ ብሪዩሎቭ የተባለው ታላቅ ሠዓሊ የባለቅኔውን የዡኮቭስኪን መልክ ሥሎ ሥዕሉ በዕጣ ተሸጠና በተገኘው 2500 ሩብል ከጌታው ተዋጀ። በኋላም በግጥሙ ምክንያት በ1847 ተይዞ ወደ ሩቅ በረሓ በተራ ወታደርነት ተጋዘ፤ እንዳይጽፍና እንዳይሥልም ተከለከለ። ከዐሥር ዓመት ግዞት በኋላ ሲመለስ ጤንነቱ አልቆ ነበር። ያን ጊዜ ዴኒየር ፎቶግራፍ አነሣው፤ ክራምስኮይም ለሥዕሉ መነሻ ያደረገው ይህንኑ ፎቶግራፍ ነው።

ፎቶግራፉ ለሠዓሊው የሰጠው ጥቂት ነገር ነው፤ የጠጕር ቆቡንና የበግ ለምድ ካፖርቱን፥ የወረደውን ጢሙንና የፊቱን ቅርጽ። ቀለም የለውም፤ ብርሃኑም ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ሰውየው ፊቱን ቢያዞር ምን እንደሚመስል አይናገርም። ሌላ ሪቱሽ ሠራተኛ ቢሆን ኖሮ የግዞቱን ድካም ከፊቱ አጥፍቶ ቆንጆ አድርጎ ባወጣው ነበር። ክራምስኮይ ግን በወጣትነቱ ይሠራ የነበረውን ሥራ ተቃራኒ ሠራ፤ ድካሙን እንዳለ ተወው፤ በዐይኑም ውስጥ ያልተሸነፈ መንፈስ አኖረ። ይህ ሥዕል እስከ ዛሬ በሞስኮ በትሬትያኮቭ ቤተ ሥዕል ይገኛል።

ከሁለት ዓመት በኋላ፥ በ1873፥ ከዚህ የከበደ ሥራ አጋጠመው። ይኸውም በ1829 በቴህራን ከተማ በሕዝብ ረብሻ የተገደለውን ደራሲና ዲፕሎማት ግሪቦዬዶቭን መሣል ነው። ግሪቦዬዶቭ የሞተው ፎቶግራፍ ለዓለም ከመገለጡ ዐሥር ዓመት አስቀድሞ፥ ክራምስኮይም ከመወለዱ ስምንት ዓመት በፊት ነበረ። ስለዚህ ሠዓሊው ሌሎች ሰዎች በተዉት ምስል ላይ ተመርኵዞ መነጽር ያደረገውን የዚያን ብልኅ ሰው ፊት እንደ ገና መፍጠር ነበረበት።

እንዲህ ያለው ሥራ ገንዘብና ምስጋና ቢያስገኝለትም ለክራምስኮይ አንድ ነገር ግልጽ አደረገለት። ከፎቶግራፍ የተሣለ ሰው ምንም ቢያምር በመካከሉ የጐደለ ነገር አለበት፤ ሲናገር አልታየም፥ ሲቈጣ አልታየም፥ ዝም ሲል አልታየም። ስለዚህ የአገር ታላላቅ ሰዎች በሕይወት ሳሉ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሊሣሉ ይገባል የሚለውን አሳብ አጥብቆ ያዘ።

የቶልስቶይ ነገር

በዚያው በ1873 በጋ ክራምስኮይ ለዕረፍት የተከራየው የገጠር ቤት ያስናያ ፖልያና ከሚባለው ከሊዮ ቶልስቶይ ርስት አጠገብ ነበር። ቶልስቶይ ጦርነትና ሰላም የተባለውን ታላቅ መጽሐፉን ከፈጸመ አራት ዓመት ሆኖታል፤ ስሙ በአገሩ ሁሉ ገንኗል። ትሬትያኮቭ መልኩን ለማሣል ከዓመታት ጀምሮ ቢለምነው እሺ አላለም ነበር። ክራምስኮይም ወደ ቤቱ ሄዶ ጠየቀው፤ ቶልስቶይ አሁንም እንቢ አለ።

ሠዓሊው ግን በቀላሉ አልተመለሰም። ለደራሲው ያቀረበለት ምክንያት ከራሱ ከሕይወቱ የወጣ ነበር። ዛሬ ብትከለክልም ሥዕልህ ከሠላሳ ወይም ከኀምሳ ዓመት በኋላ መሣሉ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ግን የሚሥልህ ሰው አይቶህ የማያውቅ ይሆናል፥ ሰዎችም በጊዜው ስላልተሣልህ ያዝናሉ የሚል አሳብ ነው። ደግሞም ሥዕሉ ደስ ካላሰኘው እንደሚያጠፋው ቃል ገባለት። የሼቭቼንኮንና የግሪቦዬዶቭን መልክ ከወረቀት ላይ ሲፈልግ ለደከመ ሰው ይህ የክርክር ዘዴ ብቻ አልነበረም፤ በእጁ የሚያውቀው እውነት ነበረ። ቶልስቶይም በመጨረሻ ተስማማ።

ክራምስኮይ በዚያ መስከረም ሁለት ሥዕሎች ሣለ፤ አንዱ ለትሬትያኮቭ፥ ሁለተኛው ለቶልስቶይ ቤተ ሰብ ሆነ። ደራሲው ሰማያዊ የገበሬ ሸሚዝ ለብሶ ተቀምጧል፤ ትንንሾቹ ግራጫ ዐይኖቹ ግን የሚያየውን ሰው አልፈው የሚመረምሩ ይመስላሉ። በዚህ ጊዜ የሚያስደንቀው ነገር ሠዓሊው ደራሲውን ሲመረምር ደራሲውም ሠዓሊውን መመርመሩ ነው። ቶልስቶይ በዚያን ጊዜ አና ካሬኒናን ይጽፍ ነበር። በመጽሐፉም ውስጥ ሚኻይሎቭ የሚባል ሠዓሊ ይገኛል፤ ሊቃውንት ይህን ሰው ሲያጠኑ ከክራምስኮይ ብዙ ነገር እንደ ተወሰደ ያምናሉ። ሚኻይሎቭ አናን ከዚያ በፊት የማያውቃት ሲሆን፥ መልኳን በሣለ ጊዜ የሚያፈቅራት ሰው ብቻ ሊያየው የሚችለውን ውበት አወጣባት፤ የሚያፈቅራትም ሰው ይህን ውበት ያወቀው ከሥዕሉ ነበር። እንግዲህ እንግዳ ሰው ፊት ለፊት ቢያይ ምን ያህል ሊያይ እንደሚችል ቶልስቶይ ከራሱ ቤት ተምሮት ነበር ማለት ነው።

ክራምስኮይ ከዚህ በኋላም በጊዜው ለመድረስ ይሮጥ ነበር። በ1877 ባለቅኔው ኔክራሶቭ በጽኑ ሕማም ተይዞ አልጋ ላይ ሲውል እየተመላለሰ በቀን ጥቂት ደቂቃ ብቻ እየሠራ ሣለው፤ ባለቅኔው በዚያው ክረምት ሞተ። በ1881 ዶስቶየቭስኪ ባረፈ ማግስት በአስከሬኑ አጠገብ ቆሞ መልኩን በእርሳስና በቀለም አስቀረ።

የእንጀራ ሥዕልና የልብ ሥዕል

የክራምስኮይ ኑሮ ግን ከውጭ እንደሚታየው የተደላደለ አልነበረም። የልቡ ምኞት ከሌላ ሰው ትእዛዝ ያልመጣ ታላቅ ሥዕል መሥራት ነበር። ይህንንም አንድ ጊዜ በሚገባ ፈጽሞታል። በ1872 የሠራው ክርስቶስ በምድረ በዳ የተባለው ሥዕል ጌታ በድንጋይ ላይ ተቀምጦ እጆቹን አቈላልፎ ሲያስብ ያሳያል። ለዚህ ፊት ፎቶግራፍ የለ፥ አሮጌ ምስል የለ፤ ሠዓሊው ከራሱ ጭንቀት ያወጣው ፊት ነው። ትሬትያኮቭም በ6000 ሩብል ገዛው።

ከዚህ በኋላ የበለጠ ሥዕል ጀመረ። ክርስቶስ በጲላጦስ አደባባይ ቆሞ ሕዝቡ ሲሥቅበት የሚያሳይ ሆኖ በውስጡ ብዙ ሰው የሚገባበት ነበር። ሰዎቹን በየቦታቸው ለማየት ብዙ ትንንሽ የጭቃ ምስሎች ሠርቶ በብርሃን ያጠናቸው ነበር። ነገር ግን ልጆች መመገብና ማስተማር ነበረበት፤ ስለዚህ የመሳፍንትንና የሹማምንትን መልክ ሣል የሚለው ትእዛዝ እየመጣ ከዚህ ሸራ ያስነሣው ነበር። ሥዕሉ ለዓመታት ተሸፍኖ ቆሞ ሳይፈጸም ቀረ። የሚያሳዝነው ነገር ይህ ነው፤ በወጣትነቱ የማያውቃቸው ሰዎች ፎቶግራፍ እንጀራ ሆኖት ከአካዳሚው አደረሰው፥ በጐለመሰ ጊዜ ግን ያው የእንጀራ ሥራ ከልቡ ሥዕል ለየው።

ኀዘንም ደረሰበት። ሁለት ትንንሽ ወንዶች ልጆቹ ሞቱበት። ከዚህም ኀዘን በ1884 የማይጽናና ኀዘን የተባለውን ሥዕል አወጣ፤ ጥቍር የለበሰች እናት በአበባ አጠገብ ቆማ መሐረብ በአፏ ላይ አድርጋ ታያለች፤ ለቅሶዋ አልቆ ዝምታ ብቻ ቀርቶባታል። በ1883 ደግሞ በዛሬው ዘመን ከሥራዎቹ ሁሉ ይበልጥ የሚታወቀውን ያልታወቀች ሴት የሚለውን ሥዕል ሠርቶ ነበር። በሠረገላ ተቀምጣ ከላይ ወደ ታች የምታየው ይህች ወይዘሮ ማን እንደ ሆነች እስከ ዛሬ አልተረጋገጠም። ዕድሜውን ሙሉ የታወቁ ሰዎችን መልክ ሲያስቀር የኖረው ሰው ዛሬ በዓለም ዘንድ ይበልጥ የሚታወቀው ስሟ ባልታወቀ ሴት ነው።

ክራምስኮይ በመጨረሻዎቹ ዓመታት የልብ ሕመም ጸናበት። ሐኪም ዕረፍት ቢያዝዘውም ሥራ አላቆመም። በ1887 በሚያዝያ ወር መጀመሪያ ላይ ራውኽፉስ የሚባለውን የሕፃናት ሐኪም ፊት ለፊት አስቀምጦ ሲሥልና ሲጫወት ድንገት ንግግሩን አቋርጦ በሸራው ላይ ወደቀ። ሐኪሙ ተነሥቶ ቢደግፈውም ሊያድነው አልቻለም። ዕድሜው 49 ዓመት ነበር። የሐኪሙ ፊት በሸራው ላይ ተሥሎ ሲገኝ የቀረው ገና ባዶ ነበር።

እንግዲህ ከዚህ ሰው ታሪክ የምንማረው ምንድን ነው? ፎቶግራፍን የናቀ ሰው አልነበረም፤ ያሳደገውም ያስተማረውም ፎቶግራፍ ነው። ነገር ግን ፎቶግራፍ የሚጠብቀው የፊትን ቆዳ መሆኑን፥ ሰውየውን የሚያስቀረው ግን በትዕግሥት የተመለከተው ዐይን መሆኑን ከማንም በፊት በእጁ አወቀ። ዛሬ በየቤቱና በየኪሱ የማይቈጠር ፎቶግራፍ አለ። ሆኖም አባቶቻችንና እናቶቻችን ሲያልፉ ብዙ ጊዜ የሚጐድለን የፎቶግራፍ ወረቀት አይደለም፤ በሕይወት ሳሉ ፊት ለፊት ተቀምጠን፥ እያነጋገርን፥ መጨማደዳቸው ከምን እንደ መጣ ጠይቀን አለማየታችን ነው። ክራምስኮይ ለቶልስቶይ የነገረው ቃል ለእያንዳንዳችን ይሠራል፤ ኋላ ከወረቀት ላይ ከመፈለግ ይልቅ ዛሬ በጊዜው ደርሶ ማየት ይሻላል።